ዶክተር አልበርት ሽቫይትዘርና በሸክላ የቀረው የኦርጋን ድምፅ

በለንደን ከተማ፣ ታወር ከሚባለው ጥንታዊ ምሽግ አጠገብ፣ ኦል ሃሎውስ የምትባል አንዲት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለች። በ1935 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ሪዛቸው የተንዠረገገ የስድሳ ዓመት ሰው ወደዚህች ቤተ ክርስቲያን ገብተው ከኦርጋኑ ፊት ተቀመጡ። ሙያቸው ሕክምና ነው፤ የሚኖሩትም ከዚያ ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ በአፍሪካ ጫካ ውስጥ ነው። ወደ ለንደን የመጡት ግን በሽተኛ ሊያክሙ አልነበረም፤ ዮሐን ሰባስትያን ባኽ የተባለው የጀርመን የሙዚቃ ሊቅ የደረሳቸውን የኦርጋን ዜማዎች በሸክላ ለማስቀዳት ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1940 ዲሴምበር፣ የጀርመን አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ ያች ቤተ ክርስቲያን ነደደች። ግንቡና ግድግዳው ቆሞ ሲቀር ኦርጋኑ ዐመድ ሆነ። ድምፁ ግን በሸክላው ላይ ተቀርጾ ስለ ነበር እነሆ እስከ ዛሬ ይሰማል።

እኒህ ሰው ዶክተር አልበርት ሽቫይትዘር ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በላምባሬኔ ሐኪም ቤታቸውና በኖቤል የሰላም ሽልማታቸው ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ከዚሁ ጋር ሳይነጣጠል ስለ ኖረው ስለ ሁለተኛው ሥራቸው ነው።

አስቀድመን ግን ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። ኦርጋን ስንል በየሙዚቃ ጓዱ የሚታየውን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውንና አንድ ሰው በብብቱ ይዞት የሚሄደውን ሣጥን ማለታችን አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በመቶ፣ አንዳንድ ጊዜም በሺሕ የሚቈጠሩ ቧንቧዎች ያሉት፣ ከአንድ ቤት የሚተካከል ግዙፍ መሣሪያ ነው። ቧንቧዎቹ ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅይጥ ወይም ከእንጨት ይሠራሉ። ነፋሱን የሚሰጠው እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያለ፣ ነገር ግን እጅግ የገዘፈ ማናፊያ ነው። ተጫዋቹ በጣቱ ሲጫን ቀጭን የእንጨት ዘንግ ተስቦ የቧንቧውን መዝጊያ ይከፍታል፤ ነፋሱም ሲገባ ቧንቧው እንደ ዋሽንት ይጮኻል። ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ በእግር እየተረገጠ ይወጣል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ እንደ ሸማኔ በሁለት እጁም በሁለት እግሩም ይሠራል። በማኅሌት ከበሮና ጸናጽል ለለመደ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር ነው። በምዕራብ አውሮጳ አብያተ ክርስቲያናት ግን ይህ መሣሪያ ምእመናኑን በመዝሙር የሚመራ ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ኦርጋን በተተከለበት ሕንፃ ልክ ስለሚሠራ፣ እንደ ቫዮሊን ተሸክመውት ከቦታ ወደ ቦታ አይሄዱም። ሕንፃው ሲፈርስ እሱም ይጠፋል።

አልበርት ሽቫይትዘር የተወለዱት ጃንዋሪ 14 ቀን 1875 ዓ.ም. ካይዘርስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አገሩ አልዛስ ይባላል፤ ፈረንሳይና ጀርመን ሲነጣጠቁት የኖረ ጠረፍ ሲሆን፣ እሳቸው ሲወለዱ በጀርመን እጅ ነበር። አባታቸው የሉተራውያን ቄስ ነበሩ፤ ልጁ ገና ጥቂት ወር እንደ ሆነው ጉንስባኽ ወደምትባል መንደር ተዛወሩ። የእናታቸው አባትም ቄስ ሲሆኑ በኦርጋን ፍቅር የተያዙ ሰው እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ወደ አንድ ከተማ ሲደርሱ ከሁሉ አስቀድመው የሚጐበኙት የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን ነበር። ፍቅሩ ለልጅ ልጃቸው ተላለፈ። አልበርት በአምስት ዓመታቸው ፒያኖ ጀመሩ፤ በስምንት ዓመታቸው፣ እግራቸው ከታችኛው መርገጫ በቅጡ ሳይደርስ፣ ኦርጋን ተማሩ፤ በዘጠኝ ዓመታቸውም የጉንስባኽ ኦርጋን መቺ ሲቀር በእሱ ተተክተው በጸሎት ጊዜ ተጫወቱ።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ሙሉዝ ከተማ በሄዱ ጊዜ ግን መምህራቸው ኦይገን ሙንሽ በመጀመሪያ ተስፋ ቈርጠውባቸው ነበር ይባላል። ልጁ ስሜቱን ለሰው መግለጥ ስለሚያፍር ዜማውን እንደ ደረቅ እንጨት ይመታው ነበርና። አንድ ቀን የሜንደልስዞንን አጭር ዜማ ከልቡ ቢጫወት መምህሩ ተደንቀው ወዲያው ወደ ባኽ ድርሰት አሸጋገሩት። ከዚያ ወዲያ ባኽ ከሽቫይትዘር ሕይወት አልወጣም።

በ1893 ወደ ፓሪስ ሄደው ቻርል ማሪ ቪዶር ከተባሉት ታላቅ የኦርጋን ሊቅ ዘንድ ቀረቡ። ቪዶር በሴን ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን የሚጫወቱበት ኦርጋን መቶ ዓይነት ድምፅ የሚሰጡ መሳቢያዎች ያሉት፣ ካቫዬ ኮል የተባለው ዝነኛ ሠሪ በ1862 ያቆመው ነው። ቪዶር ከመንግሥቱ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በቀር ሌላ ሰው አያስተምሩም ነበር፤ የአሥራ ስምንቱን ዓመት ወጣት አጨዋወት ከሰሙ በኋላ ግን ተቀበሉት።

ጥቂት ዓመት ቈይቶ ደግሞ መምህሩ ከተማሪው የሚማሩበት ጊዜ መጣ። ባኽ ምእመናን በአንድነት የሚዘምሯቸውን የሉተራውያን መዝሙሮች መሠረት አድርጎ የጻፋቸው አጫጭር የኦርጋን ድርሰቶች አሉ። ቪዶር እነዚህን ድርሰቶች ሲመለከቱ ዜማው ለምን ድንገት እንደሚወድቅ፣ ለምንስ እንደሚንከባለል ምክንያቱ አይገባቸውም ነበር። ሽቫይትዘር ግን የመዝሙሮቹን የጀርመንኛ ቃል ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ያውቁ ስለ ነበር፣ ቃሉን ወደ ፈረንሳይኛ እየመለሱ አስረዷቸው። ቃሉ ስለ አዳም ውድቀት ሲናገር ዜማውም ይወድቃል፤ ስለ መላእክት መውረድ ሲናገር ዜማው ከላይ ወደ ታች ይፈሳል። ቪዶር ይህን በሰሙ ጊዜ ለፈረንሳይ ተማሪዎች የሚሆን አጭር ማስረጃ እንዲጽፉ ለመኗቸው። አጭሩ ማስረጃ በ1905 ወደ አራት መቶ ሃምሳ ገጽ የሚጠጋ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ወደ ጀርመንኛ እንዲተረጐም በተጠየቀ ጊዜ ደግሞ ሽቫይትዘር ትርጉሙን ትተው እንደ ገና ጻፉትና በ1908 ስምንት መቶ አርባ አራት ገጽ ሆነ። ጥቂት ጻፉ ሲባሉ እንዲህ የሚያበዙ ሰው እንደ ነበሩ ከዚህ ይታያል።

ይህን መጽሐፍ ሲጽፉ ሥራ ፈት አልነበሩም። በ1899 በፈላስፋው በካንት ላይ ጽፈው የፍልስፍና ዶክተር ሆነዋል፤ በስትራስቡርግ የቅዱስ ኒቆላስ ቤተ ክርስቲያን ይሰብካሉ፤ በዩኒቨርሲቲው ሃይማኖት ያስተምራሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ በቅዱስ ዊልሄልም ቤተ ክርስቲያን የባኽ ሙዚቃ ሲቀርብ ኦርጋኑን ይመታሉ። በዚህ ሁሉ ላይ፣ በ1905፣ ሠላሳ ዓመት በሞላቸው ጊዜ፣ ሐኪም ሆነው ወደ አፍሪካ ለመሄድ ቈረጡ። ባለፈው ዓመት ያስተማሯቸው ተማሪዎች በሚቀመጡበት ወንበር ላይ እሳቸው ራሳቸው ተማሪ ሆነው ተቀመጡ። ወዳጆቻቸው አዘኑ፤ የተገኘ መክሊት የሚቀበር መሰላቸው።

አሁን ወደ ኦርጋኖቹ እንመለስ፤ በሕይወታቸው ውስጥ ከሌሎቹ ሥራዎች ያነሰ ቢነገርለትም ብዙ ድካም የጠየቀው ይኸኛው ነውና። በ1896 በሽቱትጋርት ከተማ አዲስ ኦርጋን ተሠርቶ ጋዜጦቹ ሁሉ አሞግሰውት ነበር። ሽቫይትዘር ሊሰሙት ሄዱ። የባኽ ፉግ ሲጫወት አዳመጡ፤ ፉግ ማለት ሦስት ወይም አራት ዜማዎች አንዱ ሌላውን እየተከተለ በአንድ ጊዜ የሚሄዱበት ድርሰት ሲሆን፣ ጆሮ እያንዳንዱን ዜማ ለይቶ ሊሰማው ይገባል። በአዲሱ ኦርጋን ግን ሁሉም ተደበላልቆ እንደ ጭጋግ ሆነባቸው። ያን ቀን ዘመናዊ የተባለው ሁሉ መሻሻል እንዳልሆነ ተረዱ።

ምክንያቱን ለማግኘት ለብዙ ዓመታት ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን ዞሩ። ያገኙት ነገር ይህ ነው፦ የድሮ ሠሪዎች ነፋሱን በእጅና በእግር ማናፊያ ስለሚያገኙ ይቈጥቡት ነበር። ስለዚህ ቧንቧውን በጥንቃቄ ሠርተው በለሰለሰ ነፋስ ያናግሩታል። ሞተር ከመጣ በኋላ ግን ነፋስ እንደ ልብ ሆነ፤ ፋብሪካዎችም ቧንቧውን በርካሽ እየሠሩ ነፋሱን በብርቱ ኀይል ይነፉበት ጀመር። ድምፁ በረታ፤ ውበቱ ጠፋ። በዚህ ላይ ፋብሪካዎቹ አሮጌውን ኦርጋን አውጥተው አዲሱን እንዲተክሉ ቄሶችን ይወተውታሉ፤ ቄሶቹም መሻሻል ነው ብለው ያምናሉ። በዚህ ዓይነት ሁለት መቶ ዓመት የቈየ ሥራ በአንድ ሳምንት እየፈረሰ ቧንቧው በኪሎ ይሸጥ ነበር።

ሽቫይትዘር በ1906 ስለ ጀርመንና ስለ ፈረንሳይ ኦርጋን አሠራር ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ብዙ ባለሙያዎችም ተሳለቁባቸው። እሳቸው ግን ለቄሶች፣ ለጳጳሳት፣ ለከንቲባዎች ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ይጽፉ ጀመር። ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ወጣት አንባቢያችን የአንድ ጉዳይ ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ያውቃልና ድካሙን መገመት አያቅተውም። በስትራስቡርግ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው፣ ዚልበርማን የተባለው ሠሪ በ1741 የሠራው ኦርጋን ከመፍረስ የዳነው በእሳቸው ሙግት ነው። በ1909 ቪየና ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ጉባኤም ስለ ኦርጋን አሠራር የሚናገር ደንብ ከሌሎች ጋር ሆነው አወጡ። በኋላ ዘመን ወዳጆቻቸው፣ ሽቫይትዘር በአፍሪካ ሽማግሌዎችን፣ በአውሮጳ ደግሞ አሮጌ ኦርጋኖችን ያድናሉ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1912 ሄሌነ ብረስላውን አገቡ፤ እሳቸውም ባላቸውን ለመርዳት የአስታማሚነት ሙያ ተምረው ነበር። በ1913 መጋቢት ላይ ሁለቱ በዛሬዋ ጋቦን በኦጎዌ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ላምባሬኔ ተጓዙ። የሐኪም ቤቱ መጀመሪያ የዶሮ ቤት የነበረ ጐጆ ነው። በዘጠኝ ወር ውስጥ ሁለት ሺሕ ያህል በሽተኞች እንዳከሙ ጽፈዋል።

ከመሄዳቸው በፊት የፓሪስ የባኽ ማኅበር፣ ለብዙ ዓመት ኦርጋን ሲመቱለት የነበሩ ናቸውና፣ አንድ ልዩ ፒያኖ ሰጣቸው። ከሥሩ እንደ ኦርጋን የእግር መርገጫ የተገጠመለት ሲሆን፣ የአገሩ እርጥበትና ምስጥ እንዳያበላሸው በዚንክ ተለብጦ ነበር። ይህ ፒያኖ በትልቅ ታንኳ ተጭኖ ወንዙን ተሻገረ። ሽቫይትዘር መጀመሪያ ሙዚቃን ለዘለዓለም የተሰናበቱ መስሏቸው ነበር፤ ጥቂት ከቈዩ በኋላ ግን ዐሳባቸውን ለወጡ። ማንም በማይሰማቸውና ማንም በማያስቸኩላቸው ቦታ ላይ ስለ ነበሩ፣ የባኽን፣ የሜንደልስዞንን፣ የፍራንክን፣ የቪዶርንና የሬገርን ድርሰቶች አንድ በአንድ በቃላቸው ለመያዝ ወሰኑ። የሚለማመዱት በምሳ ሰዓትና እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሽቫይትዘር የጀርመን ዜጋ፣ ላምባሬኔ ደግሞ የፈረንሳይ ግዛት ስለ ነበረች እስረኛ ሆኑ። በ1917 ከነባለቤታቸው ወደ ፈረንሳይ ተወስደው በፒሬኔ ተራራ ግርጌ በአንድ የእስረኞች ሰፈር ገቡ። በዚያ ኦርጋን የለም፤ ፒያኖም የለም። እሳቸው ግን ከአንድ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው በጣታቸው እንጨቱን፣ በእግራቸው ወለሉን እየመቱ የባኽን ፉጎች ይለማመዱ ነበር። አንድ ድምፅ እንኳ ሳይሰማ ማለት ነው። ይህን ያየ እስረኛ አብደዋል ቢል አይፈረድበትም።

ከእስር ሲወጡ ታመው፣ ደኽይተው፣ ለሐኪም ቤቱ በተበደሩት ዕዳ ተይዘው ነበር። እናታቸውም በ1916 በመንገድ ላይ በወታደር ፈረሶች ተረግጠው ሞተዋል። ያወጣቸው ኦርጋን ነው። በ1920 የስዊድን ሊቀ ጳጳስ ሶደርብሎም ጠርተዋቸው በዚያ አገር እየዞሩ ንግግር ሲያደርጉና ኦርጋን ሲመቱ ዕዳቸውን መክፈል ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ዘወትር እንዲህ ሆነ፤ ላምባሬኔ ይሠራሉ፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ወደ አውሮጳ መጥተው ይጫወታሉ፤ ይመለሳሉ።

ሸክላውም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በ1928 በለንደን ኩዊንስ ሆል በተባለው የሙዚቃ አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ቀዱ፤ ነገር ግን ደስ አላላቸውም። የአዳራሹ ኦርጋን ድምፁ ሻካራ ነበረ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲነቅፉት የኖሩት ዓይነት ድምፅ በስማቸው ተቀርጾ መውጣቱ ምን ያህል እንደ ከበዳቸው መገመት ይቻላል። በ1935 ለኮሎምቢያ ኩባንያ ለመቅዳት በተስማሙ ጊዜ ወደ ኦል ሃሎውስ ሄዱ። ከዚያም በገዛ ዐሳባቸው ሥራው ወደ አገራቸው፣ ወደ ስትራስቡርግ፣ ወደ ቅድስት ኦሬሊ ቤተ ክርስቲያን እንዲዛወር አደረጉ። በዚያ የዚልበርማን ቤተ ሰብ የሠራው፣ በሚያምኑት ባለሙያ የታደሰ አሮጌ ኦርጋን ነበር። በ1936 ኦክቶበር ሁለት ሳምንት ያህል ተቀምጠው ቀዱ። በእነዚህ ዓመታት የወጡት የባኽ ሸክላዎች ሃያ አምስት፣ የፍራንክ ደግሞ ስምንት ናቸው።

በዚያን ጊዜ ድምፅ መቅዳት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበረ ለዛሬ ወጣት መናገር ያስፈልጋል። ማይክሮፎኑ የያዘው ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ አንዲት መርፌ ያንቀጠቅጣል፤ መርፌዋም በሚዞር የሰም ገበታ ላይ ትቀርጻለች። አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ረጅሙ ድርሰት መሐል ላይ ይቈረጥና በሌላው ገጽ ይቀጥላል። የተሳሳተውን ቈርጦ የሚቀጥል ዘዴ የለም። በመጨረሻው ደቂቃ አንድ እግር ቢስት፣ ወይም ከውጭ አንድ መኪና ጡሩምባ ቢነፋ፣ ሰሙ ይጣላል፤ ከመጀመሪያውም ይጀመራል።

የማይክሮፎኑ ቦታ ራሱ ችግር ነው። ከቧንቧዎቹ አጠገብ ሲሆን የነፋሱ ሹክሹክታና የእንጨቱ መንቋቋት ይገባል፤ ሲርቅ ደግሞ ድምፁ በድንጋዩ ጣሪያ ሥር እያስተጋባ አንዱ ከሌላው ይደባለቃል፤ ሽቫይትዘር በሽቱትጋርት የሸሹት ጭጋግ ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ሰሙ ወፍራሙን የእግር ድምፅ በሙሉ መያዝ አይችልም ነበር። አሥራ ስድስት ጫማ የሚረዝመው ቧንቧ በአንድ ሴኮንድ የሚርገበገበው ሠላሳ ሁለት ጊዜ ያህል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ድምፅ ከጆሮው ይልቅ በደረቱና በወንበሩ ይሰማዋል፤ በሸክላው ላይ ግን ጥላው ብቻ ቀረ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲደርስ ሽቫይትዘር በአፍሪካ ነበሩ። በ1939 መጀመሪያ ወደ አውሮጳ መጥተው ጦርነት እንደማይቀር ሲያዩ፣ ብዙም ሳይቈዩ ወደ ላምባሬኔ ተመለሱና እስከ 1948 ከዚያ አልወጡም። በዚህ መካከል ነው ኦል ሃሎውስ የተቃጠለችው። በ1941 ሜይ ወር ደግሞ ኩዊንስ ሆልም በቦምብ ወደመ። ሰውዬው በለንደን የቀዱባቸው ሁለቱም ኦርጋኖች፣ የወደዱትም ያልወደዱትም፣ ባምስት ወር ውስጥ ጠፉ።

በ1951ና በ1952 ከአሜሪካ የመጡ ሰዎች በጉንስባኽ፣ በልጅነታቸው በተጫወቱባት በአባታቸው ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ገና ቀዷቸው። አሁን ሰሙ ቀርቶ ቴፕ መጥቷል፤ ረጅም ጊዜ የሚጫወተው ሸክላም ወጥቷል። እሳቸው ግን ዕድሜያቸው ሰባ ሰባት ደርሷል። ከነዚህ ቅጂዎች ውስጥ ጣታቸው የደከመበት ቦታ በግልጽ ይሰማል። አጨዋወታቸውም ዝግ ያለ ነው፤ ባኽን ማቻኰል አይወዱም ነበርና። የዛሬ ፈጣን ተጫዋቾችን የለመደ ጆሮ በመጀመሪያ ይሰለቻል። እኔም ብሆን የ1936ቱን እመርጣለሁ። ሆኖም ፉጉ ውስጥ አራቱ ዜማዎች አንድ በአንድ ተለይተው ሲሰሙ፣ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ምን ሲፈልግ እንደ ኖረ ይገባል።

ስለ ላምባሬኔ ሥራቸው የሚነገረው ሁሉ ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባም። የ1952 የኖቤል የሰላም ሽልማት ገንዘብ ለለምጽ በሽተኞች መንደር ማሠሪያ ውሏል፤ ከገበሬ እስከ መኳንንት የማይጠየፉ ሐኪም ነበሩ። ነገር ግን አፍሪካዊውን ወንድም፣ ሆኖም ታናሽ ወንድም፣ አድርገው ይመለከቱት ነበር። ጋቦን በ1960 ነፃ ስትወጣ የእሳቸው ሐኪም ቤት ገና በድሮው ሥርዓት ነበር፤ አፍሪካውያን ሐኪሞችን ለማስተማርም አልተጣጣሩም። አዲሶቹ የአፍሪካ ምሁራን በዚህ ወቀሷቸው፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። አሮጌውን ነገር መጠበቅ በኦርጋን ላይ ጠቢብ አደረጋቸው፤ በሰው ላይ ግን ጊዜው መለወጡን እንዳያዩ ጋረዳቸው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ዶክተር ሽቫይትዘር ሴፕቴምበር 4 ቀን 1965 ዓ.ም. በዘጠና ዓመታቸው በላምባሬኔ ሞቱና እዚያው ተቀበሩ።

ከሞቱ በኋላ የድምፅ ቅጂ ሥራ እሳቸው ወዳላሰቡት ቦታ ደርሷል። በዲጂታል ዘዴ ድምፅ በሰም ላይ አይቀረጽም፤ ይቈጠራል። በ1982 የወጣው ሲዲ ድምፁን በአንድ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቍጥር ያስቀምጠዋል። ዛሬ አንድ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኗን ለመቅዳት ስትፈልግ ሁለት ማይክሮፎን በቅርብ፣ ሁለቱን በሩቅ አቁማ ሁሉንም ለየብቻ ትይዛለች፤ የቅርቡ ከሩቁ ምን ያህል እንደሚቀላቀል የሚወሰነው በኋላ በኮምፒዩተር ነው። ወፍራሙም ድምፅ ሳይጐድል ይገባል። የተሳሳተ ቦታም ያለ ምልክት ይተካል።

የሽቫይትዘር አሮጌ ሸክላዎችም በዚህ ዘዴ ወደ ቍጥር ተገልብጠዋል። ኮምፒዩተሩ የመርፌውን ኰሽታ ለይቶ ያወጣል፤ ጫሪ የነበረውንም ይሞላል። ነገር ግን የዚህ ሥራ ባለሙያዎች እንደሚያውቁት ማጽዳቱ ሲበዛ ጉዳት አለው። የሸክላው ሹክሹክታና የትንንሾቹ ቧንቧዎች ቀጭን ድምፅ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ አንዱን ያባረረ ሌላውንም ያባርራል። ስለዚህ እጅግ የጸዳው ቅጂ ብዙ ጊዜ እጅግ የደነዘዘው ነው። ሰሙ ያልያዘውን ወፍራም ድምፅ ደግሞ ማንኛውም ኮምፒዩተር ሊመልሰው አይችልም።

ከዚህ የባሰ የሚያስገርም ሌላ ዘዴም አለ። የአንድ ታላቅ ኦርጋን ቧንቧዎች አንድ በአንድ፣ የሕንፃው ማስተጋባት ሳይቀር ይቀዳሉ፤ ከዚያ በሌላ አገር ያለ ሰው ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ የጣትና የእግር መምቻ ይዞ በዚያ ድምፅ ይጫወታል። ኦርጋን የመግዛት ዐቅም የሌላቸው አብያተ ክርስቲያናት ተጠቅመውበታል። ሽቫይትዘር ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? ከቤቱ የተለየ ኦርጋን ለእሳቸው ኦርጋን አይደለም። በሌላ በኩል ግን ዚንክ የለበሰ ፒያኖ በታንኳ ጭነው የሄዱ፣ ጠረጴዛ የመቱ ሰው ናቸውና፣ ላምባሬኔ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰጣቸው አልፈልግም ብለው የሚመልሱት አይመስለኝም።

እሳት ደግሞ ዛሬም አልቀረም። በ2020 ጁላይ በፈረንሳይ አገር የናንት ካቴድራል ሲቃጠል፣ ከፈረንሳይ አብዮትና ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት ተርፎ የነበረው ትልቁ ኦርጋን በአንድ ጧት ጠፋ። ኦል ሃሎውስ ከጦርነቱ በኋላ ተሠርታ በ1957 ተመርቃለች፤ አዲስ ኦርጋንም ተተክሎላታል፤ ጥሩ ድምፅም አለው ይባላል። የቀድሞው ኦርጋን ድምፅ ግን ያለው በ1935 በተቀዱት ሸክላዎች ላይ ነው፤ ከነዚህም መካከል የባኽ ታላቁ ፋንታዚያና ፉግ በጂ ማይነር፣ በዲ ማይነር ያለው ቶካታና ፉግ፣ እንዲሁም ትንሿ የጂ ማይነር ፉግ ይገኙበታል።